ለውባለም ያልነገርሁት መርዶ

ባለፈው ሰሞን ከልጅ ልጄ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ የተሳፈርንበት ባጃጅ ሾፌር ስልኩ ጮኸበት። በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና "እሺ፤ መቼ? እሺ፣ እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ፣ ለእኛ ይሁን ለራሱ ሳይለይ፣ "አጎቴ ሞተ" አለ። የልጅ ልጄ እግዜር ያጥናህ አለችው። እኔ ግን ሳላስበው እጄ ከነጠላዬ ሥር ወጥቶ የልጁን የእጅ አንጓ ሊይዝ ተዘርግቶ አገኘሁት። አፈርሁና መለስሁት። ልጁ ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረደንና ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። አልፈረድሁበትም፤ እንጀራው ነው፤ ደግሞ ማን ያውቃል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ አልቅሶ ይሆናል። እኔን የገረመኝ መርዶው ነው። በእኛ ጊዜ መርዶ እንዲህ በአየር አይበርም ነበር። እግር ነበረው። ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከአምስት ከስድስት ሰው ጋራ ሆኖ ነበር ደጃፍ የሚደርስ። ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር እንደዛሬው አልሰፋችም። ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የሚሄድ ሰው በዘንባባው ጥላ ሥር ራሱን ሳይሸፍን ይጓዝ ነበር። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሰዓት የሌለን ሁሉ በእሱ እንተዳደር ነበር፤ ሕፃን የምታጠባ በእሱ ታጠባለች፣ ወጥ የምትጥድ በእሱ ትጥዳለች። ፈረቃ ሲለቀቅ ሴቶቹ የጥጥ ብናኝ ጠጉራቸው ላይ ሰፍሮ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ያረጁ መስለው ይወጣሉ። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ላይ ታቹ የሰፋ ሱሪና የቴትሮን ሸሚዝ ነበር የሚለብሱ፤ በኋላ ካኪው መጣና ሹሙም ሠራተኛውም አንድ ዓይነት ሆነ። ሴቱ የኮንጎ ጫማ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ እግር ያቃጥል ነበር፣ ግን ጭቃ አይፈራም። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው። ዓሣ ግን እንደ ልብ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘች ሴት ለቤተሰቧ የሚበቃ ዓሣ በደንገል አንጠልጥላ ትመለሳለች። የፖለቲካውን ነገር የሚያውቅ ይጻፈው። እኛ እሑድ ስብሰባ ኑ ሲሉን እንሄዳለን፣ እጅ አውጡ ሲሉን እናወጣለን፣ ከዚያ ወደ ቤታችን። ለእኔ ከዚያ ዘመን የተረፈኝ ፊደል ነው። ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌው አዳራሽ ከልጆቼ እኩዮች ጋራ ተኮልኩዬ የቆጠርሁት ሀሁ ነው ይኸው ዛሬ እጄን የሚመራኝ። ስሕተት ብታገኙ በአስተማሪዋ አትፍረዱ፤ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች።

ወደ ሥራው የገባሁት ሳላስበው ነው። ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ በርበሬና ጨው እየሸጥሁ ልጆቼን አሳድግ ነበር። አንድ ቀን የሰፈራችን እድር ለአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ የወንድሟን መርዶ ሊነግር ሲሄድ፣ ሴት ጎደለና ነይ አሉኝ። ሴትዮዋ ስትሰማ ራሷን ከግድግዳ ልታጋጭ ተነሣች፤ እኔ ሁለቱን አንጓዋን ይዤ ከእሷ ጋራ ወደቅሁ፤ አለቀቅኋትም። የእድሩ ዳኛ አያ ደሴ ይህን አዩ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ግንበኛ ናቸው፤ ቃላቸው እንደ ድንጋይ አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም። "ጥሩወርቅ፣ ድምፅሽ ልዝብ ነው፣ እጅሽም ይችላል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ሴት ስትሞት ገላዋን የማጥበው፣ መርዶ ሲኖርም ከፊት የምቀመጠው እኔ ሆንሁ። ሰፈራችን ከየአገሩ የመጣ ደመወዝተኛ የሞላበት ነበር፤ ከወሎው፣ ከሸዋው፣ ከሲዳሞው፣ ከትግሬው። የእነዚህ ሰዎች ሟቾች ሩቅ ናቸው። ደብዳቤው ወይ ስልኩ ለመሥሪያ ቤት ይመጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ለእድሩ ያደርሳል፣ እድሩ ተመካክሮ ቀን ይቆርጣል። እንደ አገሩ ሐዘኑም ይለያያል። ፊቱን የሚነጭ አለ፣ ደረቱን የሚደቃ አለ፣ እጅ የሚነክስ አለ፤ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ የጥርስ ምልክት አለ። ከሁሉም የሚከብደው ዝም የሚለው ነው። ዝም ያለን ሰው በምኑ ትይዘዋለህ?

የሥራው ድካም ግን እዚያ ላይ አልነበረም። ድካሙ በማግስቱ ነበር። ጠዋት እኔን ደጃፉ ላይ ማየት የሚወድ ሰው ጠፋ። አንድ ቀን እሳት ልለምን ወደ ጎረቤቴ ወደ እነ ሙሉ ቤት ብቅ ብል፣ ሙሉ ገና ሲያየኝ የሚታጠብበትን ውኃ ሱሪው ላይ ደፍቶ "ማነው? አባቴ ነው?" አለ። አባቱ ከተቀበሩ አራት ዓመታቸው ነው። ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከበሩ ጀርባ ገባች፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ እኔ በምወጣበት ሰዓት በጓሮ በኩል ነው ወደ ሥራ የሚሄድ። "እትዬ ጥሩን በጠዋት ያየ፣ ቁርሱን አይበላም" የሚል ቀልድ አወጡ። እኔም ብልሃት ፈጠርሁ፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ ወንፊት እይዛለሁ። ወንፊት የያዘች ሴት ልትዋስ ወይ ልትመልስ ነው የምትሄድ፤ መርዶ በወንፊት አይመጣም። ሰዎች ከሩቅ ወንፊቱን ሲያዩ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይታየኛል። ስንት ዓመት ወንፊት ይዤ ዞርሁ። ሠርግ ሲኖርም መጥሪያው ይደርሰኛል፣ ግን ሽንኩርት ክተፊ የሚለኝ የለም፤ ሬሳ ያጠበ እጅ ነዋ። ከባለጌ አፍ አልሰማሁትም፣ ከደጋግ ሰዎች ዝምታ ነው የተረዳሁት።

እኔን ጠዋት አይታ የማትደነግጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ውባለም። የቆላ ድባ ልጅ ናት፣ ከሐይቁ ማዶ። ባሏ ጌታሁን የሸዋ ሰው፣ የፋብሪካው መካኒክ፣ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ጨዋ። እሷም እዚያው ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ከእኔ ጋራ አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ፣ በመካከላችን አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ ነበር። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ብታንስ ነው፤ "እትዬ ጥሩ" ትለኛለች እንጂ እህቷ ነበርሁ። ከፈረቃ ስትመለስ ጠጉሯ ላይ ያለውን ጥጥ እየለቀምሁላት ታወራኛለች፤ ተረበኛ ናት፣ የፈረቃ ኃላፊዋን አካሄድ ስታሳይ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ወንፊቴን ስታይ "ዛሬስ የማንን ዱቄት ልትነፊ ነው?" ትለኛለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሁለቱንም ጊዜ ደሟን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ስድስት ወር ሲሞላው ሐኪም ከሥራ አሳረፋትና፣ ከባድ አታንሺ፣ ድንጋጤም አይንካሽ አላት። እናቷ እማማ የሺ በሐይቁ መርከብ ቃል ላኩ፤ ዘንድሮስ ራሴ መጥቼ አርስሻለሁ፣ ልጅሽን ሳላቅፍ አልሞትም ብለው። ውባለም ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ለእናቷ የምታነጥፈውን ፍራሽ ሞላች፣ የሐይቅ ብርድ አይምታት ብላ ቡና ዓይነት ሹራብ ገዛች።

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሁለተኛው ቀን አንድ የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ከመርከብ ወርዶ ጌታሁንን ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀው። እማማ የሺ ሁለት ቀን ብቻ ታመው አርፈዋል፤ ከተቀበሩ አምስት ቀናቸው ነው። ጌታሁን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ አያ ደሴ ነው የሄደው። እኔም ተጠራሁ። አያ ደሴ በርጩማቸው ላይ ሆነው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ይህች ልጅ ሁለት ፅንስ ወርዶባታል፣ ሦስተኛውን በመርዶ ብናስጥላት ለፈጣሪ መልስ የለንም፤ ትውለድ፣ ልጇን ክርስትና ታንሣ፣ ከዚያ እንነግራታለን አሉ። ነውር አልነበረም፤ ደንባችን ነው። ለእርጉዝ፣ ለአራስ፣ ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። ስንቱን በዚህ ደንብ አቆይቻለሁ። ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ጊዜም ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ ፈተናው እስኪያልቅ። ሦስት ወር ግን አቆይቼ አላውቅም።

"እስከዚያ ማን ይዋሻታል?" አልሁ።

"አንቺ ነሻ" አሉኝ አያ ደሴ። "ከአንቺ ሌላ ማንን ታምናለች?"

መርከቡ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከጎርጎራ ተነሥቶ፣ በየደሴቱና በየዳርቻው እየቆመ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ ወደ እኛ ወደብ ይጠጋል። ውባለም መርከቡ በመጣ ቁጥር ወደብ መውረድ አለብኝ አለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ጌታሁን ዓይኔን ያየኛል። እኔም በርበሬዬን ለጎረቤት ትቼ፣ ክንዷን ይዤ፣ ሞታ የተቀበረችን ሴት ልቀበል ወደብ እወርድ ነበር። ያ ወደብ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። የናፍጣ ሽታ ከእርጥብ ደንገል ሽታ ጋራ ይቀላቀላል። ቄሶች ጃንጥላቸውን አጥፈው ይወርዳሉ፤ የታሰሩ ዶሮዎች ከሽምብራ ጆንያ ጋራ ይወረወራሉ፤ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የትዝታ ዘፈን ይሰማል፣ በመካከሉ ወሬ ነጋሪው ይገባና ዘፈኑ ይቆረጣል። የኮሌጅ ልጆች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ሳይገልጡ ቆንጆ ያያሉ። ውባለም ቀና ብላ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ፣ መርከበኛው ገመዱን ሲጠመጥም፣ "የሚቀጥለው ነው" ትላለች። እኔም "የሚቀጥለው ነው" እላለሁ። አሁን ሳስበው፣ ጥርሴን ነቅሎ የሚያወጣ ቃል ነበር።

ውሸት ውሸትን ይጠራል። ከሁለት መርከብ በኋላ ሰበብ ያስፈልግ ጀመር። ጌታሁን ነጋዴውን ለምኖ፣ እማማ የሺ መከር አስገብተው ነው የሚመጡ አስባለው። ቃሉን ያደረስሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሳምንት ደግሞ እናቷ የላኩላት ነው ብለን አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ሰጠናት፤ ቅቤውን ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ውባለም ከቅሉ ጨልፋ መዳፏ ላይ አሸችውና አሸተተችው። እናቴ አሪቲ ሳትጨምርበት ቅቤ አትልክም፣ አሁን አርጅታ ረሳችው ማለት ነው አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ራሷን ሰጠችኝና እኔ ቀባኋት። የሞተች እናቷን ቅቤ እያልሁ በገዛሁት ቅቤ ጠጉሯን ስዳብስ፣ እሷ እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሬሳ አጥቤ ተመልሼ ያን ያህል እጄን ፈትጌ አላውቅም።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት መርከብ ነበረ። የእማማ የሺም አርባ በዚያው ቀን ዋለ፤ ማዶ ድንኳን ተተክሎ ተዝካር ይበላል፣ ለጠበሉ የሚሆነውን ጌታሁን ባለፈው መርከብ በስውር ልኳል። እኔና ውባለም ወደብ ቆመናል። ከመርከቡ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወረዱ። ቁመታቸው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ያደረጉበት ሁኔታ፣ በትራቸውን ውኃው ላይ ዘርግተው ጥልቀቱን የሚለኩበት እጃቸው፣ ሁሉ ነገራቸው። ውባለም "እምዬ!" ብላ በዚያ ሆዷ ድንጋዩን ወርዳ ሮጠች። ሮጬ ደረስሁባትና ያዝኋት። ሴትዮዋ ዞሩ፤ እሳቸው አይደሉም። ውባለም ግን ሴትዮዋን አላየችም፤ የምታየው የእኔን እጅ ነበር። ሁለቱን አንጓዋን አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ ያችን ራሷን ከግድግዳ ልታጋጭ የተነሣችውን ሴት እንደያዝሁበት ነበር የያዝኋት።

"ለምንድን ነው እንዲህ የምትይዥኝ?" አለች።

"ትወድቂያለሽ ብዬ ነው" አልኋት። ቀስ ብላ እጇን አወጣች። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አወራች፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ አቡጀዲ ወረፋ። እኔም ስለ አቡጀዲ አወራሁ።

እንዲህ እያልን አሥራ አንድ መርከብ ተቀበልን። በአሥራ አንደኛው ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ምጧ መጣ። መኪና ፍለጋ ሰው ብንልክም ሕፃኗ አልጠበቀችም። አዋላጇ እማማ ብርቄ ደረሱ፤ ጌታሁን ፈረቃ ላይ ነው። እኔ ከኋላዋ ደግፌ ይዣታለሁ፤ ግቢው ውስጥ አራት አምስት ጎረቤቶች ቆመዋል። እግዜር ይመስገን ቀላል ነበር። "ሴት ናት" አሉ እማማ ብርቄ። ልጅቱም ጮኸች። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ መጀመሪያ የምታሰማው አራሷን የደገፈችው ሴት ናት፣ የውጭዎቹ ይቀበላሉ። አፌን ከፈትሁ። ምላሴ ተነሣ። ድምፅ ግን አልወጣም። ሐዘን በተቀመጠበት ቤት እልል አይባልም፤ ይህን ከእናቴ ጡት ጋራ ነው የጠባሁት። ውጭ ያሉትም የእኔን ይጠብቃሉ፤ የእኔ ሲጠፋ አንዷ ጀመረችና መሐል ላይ ዋጠችው። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በአፋችን ስንዋሽ አንዳችን ሳንሳሳት የከረምን ሴቶች፣ ሳንመካከር፣ እልል ማለት ብቻ አቃተን። የሚሰማ የሕፃኗ ድምፅ ብቻ ነበር።

ውባለም ላብ በላብ ሆና ጣራውን ታይ ነበር። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች።

"እትዬ ጥሩ፣ ማን ሞቶብኝ ነው?" አለችኝ።

እማማ ብርቄ በዓይናቸው ተዪ አሉኝ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። አያ ደሴ የሉም፣ ሰዓቱ ጎህ አይደለም፣ ከፊት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም፣ ልጇ ገና አልታጠበችም። ልዋሽ እችል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ውሸት ለምዶብኛል። ግን በዓይኗ ያዘችኝ።

"እናትሽ" አልሁ።

አልጮኸችም። ያ የምፈራው ዝምታ ነው የመጣው። "መቼ?" አለች። ነገርኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቀን እየቆጠረች ነበር። አርባዋ በገብርኤል ነው የዋለው አለች፤ አዎ አልኋት።

"በገብርኤል እኔ የት ነበርሁ?"

"ወደብ።"

"አንቺስ?"

"ከአንቺ ጋራ።"

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ልጅቷን ስጡኝ አለች፤ ደረቷ ላይ አደረጓት። ለእኔ "አንቺ ሂጂ" አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ከጀርባዋ ተነሥቼ ትራስ አስገባሁላትና ወጣሁ። በሎሚው ዛፍ ሥር ሳልፍ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

አያ ደሴ በማግስቱ አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ደክሟቸዋል። መርዶ የእድሩ ነው፣ የአንድ ሰው አፍ አይደለም፤ አራስ ላይ ጥለሽው ብትሞትስ ኖሮ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ በቦታዬ ሌላ ሴት ተተካች። ጌታሁንም ሰላምታውን አልነፈገኝም፣ ግን እንደ ልማዱ መሬቱን እያየ ሌላም ሳይናገር ያልፋል። አራስ አታለቅስም ተብሎ ውባለም ሰማንያ ቀን ሐዘኗን ከልጅዋ ጋራ አቅፋ ተቀመጠች። የክርስትናው ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ ተበላ ተጠጣ፤ በማግስቱ በዚያው ድንኳን ለቅሶ ተቀመጥን። ስታለቅስ የያዘቻት አዲሲቱ ሴት ናት። እኔ ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከእንግዳ ጋራ ተቀመጥሁ። "ጠላት ነው እንዴ የእናቴን ለቅሶ ያስቀረብኝ?" እያለች ነበር የምታለቅሰው።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን፤ አንድ ግቢ፣ አንድ በር። ጠዋት ስንገናኝ "እንደምን አደሩ?" ትለኛለች። እርስዎ ሆንሁ። ሕፃኗ መዳኽ ስትጀምር ወደ እኔ ደጃፍ እየዳኸች ትመጣለች፤ እናቷ ትመጣና ሳትቆጣ፣ ሳትስቅም፣ አንሥታ ትወስዳታለች። እኔም ሥራው ቀርቶልኝ አረፍሁ ማለት ነው፤ ጠዋት ባዶ እጄን እወጣለሁ። የሰው ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም፤ ሙሉ አሁንም በጓሮ ነበር የሚሄድ። ሐዘን ስትነግር በኖረች ሴት ቤት ሰው ጨዋታ እንዴት እንደሚጀመር ይጠፋዋል መሰለኝ። ብቻዬን ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ፣ እውነቱን በመጀመሪያው መርከብ ቀን ብነግራት ኖሮ እላለሁ፤ ልጅቱን ሳይ ደግሞ ባልወለደቻት ኖሮስ እላለሁ። አሁንም እንደዚያው ነኝ። መልሱን የሚያውቅ ቄስ አላጋጠመኝም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲወጣ ወባ ጣለኝ። ከተኛሁ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ገና መነፋቱ ነው። ልጅዋን አዝላ ውባለም ገባች። ከዚያ የልደት ቀን ጀምሮ የቤቴን ደፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቀመጠችም። መደቡ አጠገብ ቆመች።

"እትዬ ጥሩ፣ ተነሽ" አለችኝ። "እህትሽ እቴቴ አበበች ዛሬ ሌሊት አርፈዋል።"

እቴቴ አበበች ይፋግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የእኔ እናት እሷ ናት። ውባለም እንደ አገር ደንብ አልነገረችኝም፤ ታመዋል አላለችም፣ አላደባበሰችም። እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ቃሏን እንደ ምስክር አንድ በአንድ አስቀመጠችው።

"መርዶውን የእህል መኪና ሾፌር ነው ያመጣው፤ እኔ ከሰማሁት አንድ ሰዓት አልሞላም። እነ አያ ደሴ ተሰብስበው ወባው እስኪለቅሽ እንቆይ ብለዋል፤ ጌታሁንም ዝም በይ ብሎኛል። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ሾፌሩ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል፣ ለምኜዋለሁ። ከተነሣሽ ትደርሻለሽ።"

በዚያ ሁሉ ዓመት ከነገርሁት መርዶ ውስጥ "ትደርሻለሽ" የሚል ቃል ኖሮ አያውቅም። ከመደቡ ወርጄ መሬቱ ላይ ተንበረከክሁ። አላነሣችኝም። እስክነሣ ጠበቀችና ውኃ በጣሳ ሰጠችኝ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቃ አለበሰችኝ። ያን ቀን ወደ ፈረቃዋ አልሄደችም። አያ ደሴ መንገድ ላይ አገኙንና ከዘራቸውን አነሡ፤ ውባለም ቀድማ እጅ ነሣቻቸውና፣ ሳትቆም፣ "አባባ፣ መርዶው ይቆይ ይሆናል፤ ቀብሩ ግን አይቆይም" አለቻቸው። ከዘራቸውን መልሰው መሬት አስነኩት።

ከሾፌሩ ጎን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ነበር። እኔ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኛል፤ ልጅቱ ጭኔ ላይ ተኝታለች። የወረታን ሜዳ ስናቋርጥ፣ ማመስገን አለብኝ ብዬ አፌን ስከፍት፣ ውባለም ወደ መስኮቱ እንዳየች ቀደመችኝ።

"እንድንታረቅ አይደለም" አለችኝ። "እንድትቀብሪያት ነው።"

እሺ አልሁ። ይፋግ ገብተን እህቴ ቤት፣ አስከሬኗ አጠገብ፣ አደርን። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፍታቱ አልቆ፣ ወንዶቹ አካፋ ይዘው ቆመው ነበር። አፈር ሳይመለስባት ደረስሁ። ሰውነቴ ሁሉ አንድ ጩኸት ሆነና ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ሄድሁ። የአገሩ ሴቶች፣ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ከግራ ከቀኝ መጥተው አንጓዬን ያዙኝ። ውባለም ልጅዋን አዝላ ከኋላቸው መጣች። ጣታቸውን አንድ በአንድ ከእጄ ላይ አላቀቀችና "ተዉአት" አለቻቸው፤ እስኪበቃኝ ድረስ ማንንም ሳታስጠጋ ከጎኔ ቆመች።